ያደገው ብረት

ስለ ሥራዬ የሚጠይቁኝ ልጆች የሚጀምሩት ከወረቀቱ ነው። «ጋሼ፣ ኤፒአይ 570 ለመፈተን ስንት ዓመት ልምድ ይጠይቃል?» «የአልትራሳውንድ ሌቭል ቱ አገር ቤት ሆኖ ማውጣት ይቻላል?» «አሁን ኔስ ነው ወይስ አምፕ የሚባለው?» አልፈርድባቸውም፤ እኔም በእነሱ ዕድሜ ሳለሁ የጠየቅሁት ይህንኑ ነበር። የማውቀውን እመልስላቸዋለሁ። ኔስ የሚባለው የዝገት ባለሙያዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1943 አሜሪካ ውስጥ በ11 የቧንቧ መስመር መሐንዲሶች ተመሥርቶ በ2021 ከቅብ ባለሙያዎቹ ማኅበር ጋር ተዋሕዷል፤ አምፕ የሚባለው ያ ነው። ኤፒአይ 570 የሚባለው የቧንቧ መርማሪነት ወረቀት በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል። የአልትራሳውንዱ ደረጃ የሚሰጠው የትምህርት ሰዓትና የሥራ ሰዓት ተቆጥሮ፣ ፈተናም ታልፎ ነው። ይህን ሁሉ እነግራቸውና «ከዚያስ?» ሲሉኝ ነው ቃል የሚያጥረኝ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ለመናገር ትንሽ ስለ ራሴ መናዘዝ ግድ ይለኛል፤ ኑዛዜውም ለሥራ ቃለ መጠይቅ የሚሆን ዓይነት አይደለም።

ጥሊሊ የተወለድሁ ነኝ። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በአውቶቡስ የሄደ ሰው ቡሬን አልፎ እንጅባራ ሳይደርስ በመስኮት ያያታል፤ ዝናቧንና ብርዷን ግን ወርዶ ካላደረ አያውቀውም። ኬሚካል ኢንጂነሪንግ የተማርሁት ባሕር ዳር፣ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ትብብር በተከፈተውና የከተማው ሰው «ፖሊ» በሚለው ግቢ ነው። ኑሮ እየገፋ ካናዳ፣ ኤድመንተን አደረሰኝ። አልበርታ የነዳጅ አገር ናት፤ መሬቷ ውስጥ የተቀበረው ቧንቧ ተዘርግቶ ቢለካ ምድርን ደጋግሞ ይዞራል። እኔ ግን ወደ ዝገት ሙያ የገባሁት ዝገት ገርሞኝ አይደለም። ቀድሞኝ የሄደ የአገር ልጅ «ታክሲ ከመንዳት ይሻላል፣ የሚለካ ሰው እየፈለጉ ነው» ስላለኝ ነው። ስለ ሙያ ፍቅር የሚተርኩ ሰዎችን ስሰማ ዝም የምለው ለዚህ ነው።

ሥራው ምን እንደሆነ እናቴ በስልክ ስትጠይቀኝ ለማስረዳት ብዙ ሞክሬአለሁ። በቧንቧው ላይ በቀለም የተከበበ ነጥብ አለ። ነጥቡ ላይ ጄል ትቀባለህ፣ የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል መሣሪያ ታስጠጋለህ፣ ድምፅ ይገባና ከውስጠኛው ግድግዳ ነጥሮ ይመለሳል። ድምፅ በብረት ውስጥ በሰከንድ 5,900 ሜትር ያህል ይሮጣል፤ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ግድግዳ ደርሶ ለመመለስ ሁለት ሚሊዮንኛ ሰከንድ ይበቃዋል። መሣሪያው ያንን ጊዜ ቆጥሮ ውፍረቱን ይነግርሃል። ትጽፋለህ። ወደሚቀጥለው ነጥብ ትሄዳለህ። ሌላ ዓመት ተመልሰህ እነዚያኑ ነጥቦች እንደገና ትለካለህ። እናቴ አዳምጣ ስትጨርስ «ብረት ስትዳብስ ትውላለሃ!» አለችኝ። ከዚያ የተሻለ መግለጫ እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

ኑዛዜዬ ይህ ነው፦ ሰለቸኝ። ይህን በሙያው ስብሰባ ላይ የሚናገር የለም። አራት ዓመት ሙሉ ኬሚስትሪ የተማርሁት በቀለም የተከበበ ነጥብ ለመፈለግ ነው ወይ እያልሁ እበሳጭ ነበር። የማየው የሌሎቹን ሥራ ነበር። መስመሩን የሚነድፉት አሉ። ብየዳቸው በራጅ ሲነሣ እንከን የማይገኝበት በያጆች አሉ። ከሁሉ በላይ የሚያስቀኑኝ ፒግ የሚያስኬዱት ነበሩ፤ ማግኔት የተሸከመ መሣሪያ ቧንቧው ውስጥ ይገባል፣ ነዳጁ ራሱ እየገፋው ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ ግድግዳው በሳሳበት ቦታ ሁሉ የሚያፈተልከውን የማግኔት ኃይል እየመዘገበ በሌላው ጫፍ ይወጣል። እኔ በበረዶ መካከል ቆሜ ጄል ስቀባ እነሱ ሙቅ ክፍል ውስጥ ቀለማት የተሞላ ስክሪን ያነባሉ። ወረቀት የማሳድደውም ከነጥቦቹ ለመሸሽ ነበር። አንድ ደረጃ ባወጣሁ ቁጥር ሌላ ሰው ይለካል፣ እኔ አነባለሁ ብዬ ነው።

የሆነው ግን ሌላ ነው። ወደ ንባቡ ስቀርብ፣ የሚነበበው ነገር ሁሉ በእነዚያ አሰልቺ ነጥቦች ላይ የቆመ ሆኖ አገኘሁት። ግድግዳው ዛሬ 9 ሚሊ ሜትር ነው ብላችሁ ምንም አልነገርኋችሁም። ከ10 ዓመት በፊት 10 ሚሊ ሜትር ከነበረ በዓመት 0.1 እየተበላ ነው፤ ግፊቱን ለመቻል 6 ሚሊ ሜትር የሚበቃው ከሆነ ገና 30 ዓመት አለው። ከ2 ዓመት በፊት 10 ከነበረ ግን በዓመት ግማሽ ሚሊ ሜትር እየሄደ ነውና የቀረው 6 ዓመት ነው። ዛሬ በእጄ የያዝሁት ቁጥር በሁለቱም በኩል ያው 9 ነው። የኤፒአይ 570 ደንብም የሚነሣው ከዚህ ነው፤ የቀረውን ዕድሜ ለሁለት ክፈል፣ ግማሹ ሳያልፍ ተመልሰህ ለካ ይላል። ግማሹ ረጅም ሆኖ ቢገኝ እንኳ ቢፈነዳ ብዙ ጉዳት የሚያደርሰውን መስመር ከ5 ዓመት በላይ ሳይለካ መተው አይፈቅድም። ሕጉ የተጻፈው ተመልሶ ለሚመጣ ሰው ነው።

ከዚያ ብረቱ ማደግ ጀመረ።

ባለፈው 8.2 የነበረ ነጥብ ዘንድሮ 8.4 ይላል። ባለሙያ ያልሆነ ሰው ደስ ሊለው ይችላል። ብረት አያድግም፤ ስለዚህ ካለፈው ሰውዬና ከእኔ አንዳችን ተሳስተናል። ምክንያቱ ብዙ ነው። ቧንቧው ሲሞቅ ድምፁ ይዘገያል፣ መሣሪያውም የዘገየውን ድምፅ እንደ ወፈረ ብረት ይቆጥረዋል። ቀለሙ ካልተፋቀ የቀለሙ ውፍረት ይጨመርበታል፤ ድምፅ በቀለም ውስጥ ከብረት ይልቅ ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ጭማሪው ከቀለሙ ትክክለኛ ውፍረት ይበልጣል። እጅህ ከነጥቡ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከሸሸ ደግሞ ከጉድጓዱ ወጥተህ ከደህናው ብረት ላይ ለክተህ ሊሆን ይችላል። አብሬው የሠራሁ አንድ አዛውንት ኢንስፔክተር ነበር፤ ከአፉ ቃል የሚወጣው በግድ ነው። ያደጉትን ነጥቦች በቀይ እየከበበ ይሰጠኝና «ሂድ፣ እንደገና» ይለኛል። ከሚሳሱት ነጥቦች ይልቅ ለሚያድጉት ይጨነቅ ነበር። የሳሳው ቢያንስ ምን እየሆነ እንዳለ ይናገራል፤ ያደገው ግን መዝገቡ ራሱ መታመሙን ነው የሚያሳየው። እያጉረመረምሁ እሄዳለሁ። ከዚያ የምጠላው መመላለስ ውስጥ ነው እጄ ሥራውን የተማረው።

አንድ መስመር ላይ ግን አንድም ያደገ ነጥብ አልነበረም። መዝገቡን ስገልጥ ሁሉም ነጥብ በየዓመቱ 0.1 ይቀንሳል፤ ቀጥ ያለው ቧንቧም፣ ክርኑም፣ መገጣጠሚያውም። መጀመሪያ አደነቅሁ። ቀጥሎ ሆዴን ቆረጠኝ። ዝገት እንዲህ ያለ ጨዋ አይደለም፤ አንዱን ቦታ ለዓመታት ሳይነካ ትቶ አጠገቡ ያለውን ይቦረቡራል። አንድ ሰው እመኪናው ውስጥ ማሞቂያውን ከፍቶ፣ ያለፈውን ዓመት ቁጥር አይቶ፣ ትንሽ ትንሽ እየቀነሰ ሲጽፍ ኖሯል።

ያን ሰው ልጠላው አልቻልሁም። ብርዱ ከዜሮ በታች 30 ሲደርስ ጄሉም ብዕሩም ይደርቃል። በአልበርታ ረግረጋማው መሬት መኪና የሚያስገባው ሲቀዘቅዝ ብቻ ስለሆነ ብዙ ቁፋሮ የሚሠራው በክረምት ነው። የመጨረሻዎቹ ነጥቦች ሁልጊዜ ሩቅ ናቸው፣ ጀምበርም ከሰዓት በኋላ ብዙ አትቆይም፣ ማንም አያይህም። እጄ ወደዚያ አሳብ ሄዶ ያውቃል። ያቆመኝ ጽድቅ እንዳይመስላችሁ፤ ጥርጣሬ ነው። የፊተኛው ሰው ቁጥር ሐሰት ከሆነ ከእሱ ላይ የምቀንሰው 0.1 በምን ላይ ይቆማል? መስመሩ እንደገና ከሥር ጀምሮ ሲለካ አብዛኛው ቧንቧ መዝገቡ ከሚለው እጅግ ይወፍር ነበር፤ ያለ ምክንያት የመለወጫ በጀት ተይዞለት ነበር ማለት ነው። አንድ ክርን ላይ ግን፣ ፈሳሹ በሚታጠፍበት በውጭው በኩል፣ መዝገቡ ከሚለው ክፉኛ ሳስቶ ተገኘ። በመኪና ውስጥ የተጻፈው መዝገብ ደህናውን ታማሚ፣ ታማሚውን ደህና አድርጎ ነበር።

በትልልቁ ዓለም የደረሱትን አደጋዎች ዘገባ ማንበብ የጀመርሁት ከዚያ ወዲህ ነው፤ ሳነባቸውም መሣሪያ ሳይሆን መዝገብ ነው የሚታየኝ። አላስካ ውስጥ ፕሩዶ ቤይ በሚባለው የነዳጅ ሜዳ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2006 የቢፒ መስመር ከውስጥ ዝጎ በተበሳ ትንሽ ቀዳዳ ከ200 ሺህ ጋሎን በላይ ድፍድፍ በበረዶው ላይ ፈሰሰ። ስማርት ፒግ በዚያ መስመር ለመጨረሻ ጊዜ ያለፈው በ1998 ነበር። መጀመሪያ የተለካው ልኬት አልጠፋም፤ ተመልሶ የሚለካ ነው የጠፋው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2010 ደግሞ በካሊፎርኒያዋ ሳን ብሩኖ በ1956 የተቀበረ የጋዝ መስመር በመኖሪያ ሰፈር መካከል ፈንድቶ 8 ሰው ገደለ። እዚያ ጥፋቱ ዝገት አልነበረም፤ የብየዳ እንከን ነው። ግን የኩባንያው መዝገብ ያንን ቧንቧ ስፌት የለሽ ነው ይል ነበር። ስፌት የሌለው ቧንቧ ስፌቱ ይፈተሽ የሚል ማን ነው? መርማሪዎቹ ቆፍረው ያወጡት ብረት ግን ስፌት ነበረው፣ ያውም በከፊል ብቻ የተበየደ።

ሌላው ከተማሪነቴ ጀምሮ አውቀው የነበረ፣ ግን ዘግይቶ የገባኝ ታሪክ የሃምፍሪ ዴቪ ነው። እንግሊዛዊው ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1824 የጦር መርከቦችን የመዳብ ልባስ ከባሕር ውሃ ለማዳን ትንሽ ዚንክ ወይም ብረት አገናኘበት፤ ዚንኩ በመዳቡ ፈንታ እየተበላ መዳቡ ዳነ። ልኬቱ ትክክል ነበር። መርከቦቹ ባሕር ላይ ከርመው ሲመለሱ ግን ሆዳቸው በዛጎልና በባሕር አረም ተሸፍኖ ተገኘ፤ ለካስ ቀስ እያለ የሚሟሟው መዳብ ነበር ያንን ሲመርዝ የኖረው። የባሕር ኃይሉ ዘዴውን ተወው። አሳቡ ከመቶ ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1928 ኒው ኦርሊንስ ላይ በሮበርት ኩን እጅ ለጋዝ ቧንቧ ዋለ፤ ዛሬ የተቀበረ የብረት መስመር ከአፈሩ ጋር ሲነጻጸር 0.85 ቮልት ያህል ወደ ኔጌቲቭ ተገፍቶ የሚጠበቀው፣ ካቶዲክ መከላከያ የሚባለው፣ ከዚያ በመነሣት ነው። እሱንም በየጊዜው እየዞረ የሚለካ ሰው ይፈልጋል። መሥሪያ ቤት ውስጥ በጣም ትንሽ የሚከፈለውም ለዚያ ሰው ነው፤ ይህ ነገር አሁንም አይዋጥልኝም።

ወደ አገሬ ነገር ልግባ። ለእረፍት ጥሊሊ ስገባ እናቴ ጠዋት ቧንቧውን ከፍታ የመጀመሪያውን ውሃ ታፈሰዋለች፤ ቀይ ነው። ሌሊት ጋልቫናይዝድ ቧንቧ ውስጥ ሲያድር የብረቱን ዝገት ይዞ ይወጣል። እሷ ለመጥረጊያና ለእንስራ ማጠቢያ ታውለዋለች፤ እኔ ግን ቀለሙን አይቼ መተኛት አልቻልሁም። ጋልቫናይዝድ ማለት በቀለጠ ዚንክ ውስጥ ተነክሮ የወጣ ብረት ነው፤ የዴቪ ዘዴ ማለት ነው፣ ዚንኩ በብረቱ ፈንታ ይበላል። ቧንቧ ሠራተኛው ጥርስ ሲያወጣለት ግን ዚንኩን ከነብረቱ ይልጠዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀዳዳ የሚወጣው ከጥርሱ ሥር ነው፤ ግድግዳው ቀጥኗል፣ ልባሱም የለም። የነሐስ ቫልቭ በቀጥታ ከተገጠመበት ደግሞ ብረቱ ለነሐሱ ይሠዋል።

ከውጭ የሚበላው ግን አፈሩ ነው። በእኛ በአዊ ደጋ ይህን ለማወቅ ኬሚስት መሆን አያስፈልግም። ዝናቡ ከፍተኛ ስለሆነ ካልሲየምና ማግኒዚየሙን አጥቦ ወስዶታል፣ የቀረው አፈር አሲዳማ ነው። ገበሬው ገብሱ ሲቀጭጭ ያውቀዋል፤ ኖራ ተሸክሞ ማሳው ላይ የሚበትነው ለዚያ ነው። ብዙ ሰው መሬቱን ለዲከረንስ ግራር አስረክቦ ወደ ከሰል የዞረበት አንዱ ምክንያትም ይኸው አሲድ ነው። ዚንክ ደግሞ ፒኤቹ ከ6 በታች በወረደ አፈር ውስጥ መከላከያነቱን በፍጥነት ያጣል። ገብስ የማያበቅል መሬት ቧንቧም አያቆይም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። የትኛው ሰፈር ቧንቧውን ቶሎ እንደሚበላ ለማወቅ እኛ ውጭ አገር የአፈር ናሙና እንወስዳለን፣ የኤሌክትሪክ መቋቋሙን እንለካለን፣ ብዙ ገንዘብ ይወጣል። እዚህ ግን ግማሹ ሥራ አልቋል። ኢትዮሲስ በሚባለው አገር አቀፍ የአፈር መረጃ ፕሮጀክት የየወረዳው አፈር ተጠንቷል፤ የግብርና ባለሙያዎች ኖራ ለማከፋፈል የአሲዱን መጠን ይፈልጉታልና ቁጥሩ አላቸው። ለገብስ የተለካውን ለቧንቧ ማንበብ ነው። የውሃና የግብርና ቢሮዎች በአንድ ግቢ አጥር ተለያይተው የሚሠሩበት ከተማ አውቃለሁ፤ አጥሩን ዘሎ ያንን ወረቀት የጠየቀ ሰው ግን አላጋጠመኝም።

«አሁንማ ሁሉም ፕላስቲክ ሆነ» የሚል መልስ ይመጣል፤ ከፊሉ እውነት ነው። አዲስ የሚዘረጋው መስመር አብዛኛው ኤችዲፒኢ ወይም ፒቪሲ ነው፤ አይዝግም። ከጉድጓድ ፓምፕ ወደ ማጠራቀሚያ የሚወጣው ከፍተኛ ግፊት ያለበት መስመር፣ ድልድይ የሚሻገረው፣ ቫልቩ፣ ቦኖው፣ ከቆጣሪ ወዲህ ያለው ግን አሁንም በብዛት ብረት ነው። ሌላም አለ። ከተሞቻችን ሲያድጉ የምንጩ ውሃ አልበቃ ብሎ የጉድጓድ ውሃ ይጨመርበታል። በቧንቧው ውስጥ ለዓመታት የተጋገረው ልባስ የለመደው ውሃ ሲለወጥ ሊፈርስ ይችላል። በአሜሪካዋ ፍሊንት ከተማ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 የውሃው ምንጭ ወደ ወንዝ ሲቀየር ዝገት ከልካይ ኬሚካል ሳይጨመርበት ቀርቶ ከድሮ ቧንቧዎች የወጣ እርሳስ የሕፃናት ደም ውስጥ ገባ። ዘዴው ሳይታወቅ ቀርቶ አይደለም፤ ውሃ ቧንቧን የሚበላበትን ዝንባሌ የሚያሰላው የላንጀሊየር ቀመር ከ1936 ጀምሮ በመጽሐፍ አለ።

ልጆቹ ይህን ስነግራቸው ትንሽ ቅር ይላቸዋል። እነሱ የሚጠብቁት ነዳጅ ነው። አልፈርድባቸውም፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ከጅቡቲ እስከ አዋሽ 550 ኪሎ ሜትር የነዳጅ ቧንቧ ይዘረጋል ተብሎ ስምምነት ሲፈረም እኔም ኤድመንተን ቁጭ ብዬ ሻንጣዬን በአሳቤ ሸክፌ ነበር። አልተሠራም። በ2019 ለኦጋዴን ጋዝ 767 ኪሎ ሜትር መስመር ወደ ጅቡቲ ተባለ፤ ነዳጃችን ግን ዛሬም በቦቴ ነው የሚመጣው። ያ ቀን ሲመጣ ባለሙያ ያስፈልጋል፣ አዎ። እስከዚያ ግን ሙያው ሥራ ፈት አይደለም። የስኳር ፋብሪካ የእንፋሎት ቧንቧ አለ፣ የኃይል ማመንጫ ውሃ ማውረጃ አለ፣ የነዳጅ ማደያ የተቀበረ ታንክ አለ፣ አውሮፕላን ጥገና ውስጥ ሳይሰብሩ የሚመረምሩ አሉ፣ አሉቶ ላንጋኖን የመሰለ የከርሰ ምድር እንፋሎት አለ፣ ከሁሉ የሚበዛው ደግሞ ውሃ ነው። ኔስ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ጥናት ዝገት ዓለምን በዓመት 2.5 ትሪሊዮን ዶላር፣ ከጠቅላላ ምርቷ 3.4 በመቶ ያስከፍላታል፤ በእጃችን ያለውን ዕውቀት ብንጠቀም ብቻ ከ15 እስከ 35 በመቶው ይድናል። ኤሌክትሪክ የተማረ ልጅ ወደ ካቶዲክ መከላከያው ይግባ፣ በያጅ የሆነ ወደ ምርመራው፣ ኬሚስትሪ የሚወድ ወደ ውሃው። መንገዱ ብዙ ነው። የትኛውንም ቢይዝ ግን የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ነጥብ በመፈለግ ነው የሚያሳልፈው፤ ይህን አልደብቃቸውም።

ከእነዚህ ልጆች አንዱ በአካባቢያችን ካሉት ከተሞች በአንዱ የውሃ አገልግሎት ቴክኒሻን ነው። «መሣሪያ የለንም፣ መስመሩ መቼ እንደተቀበረ የሚያውቁትም ጡረታ ወጥተዋል፤ በምን ልጀምር?» አለኝ። መሣሪያ አልላክሁለትም። ቧንቧ በተሰበረ ቁጥር ተቆርጦ የሚጣለውን ቁራጭ አትጣለው አልሁት። አንድ ክንድ ይበቃል። ቀኑን፣ ሰፈሩን፣ ከመሬት ስንት ጥልቀት ላይ እንደነበረ በማይለቅ ቀለም ጻፍበት፤ ለሁለት ሰንጥቀህ ግድግዳውን በካሊፐር ለካ፣ መደርደሪያ ላይ አስቀምጥ። ጥቂት ዓመት ሲቆይ የትኛው ሰፈር ከውጭ፣ የትኛው ከውስጥ እንደሚበላ መደርደሪያው ራሱ ይናገራል። ትልልቅ የውሃ ድርጅቶችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ያልጠበቅሁት ጥያቄ አመጣ። «ጋሼ፣ የዓመቱ ንብረት ቆጠራ ሲመጣ ምንድን ነው ይሉኛል። ቁርጥራጭ ብረት ነው ካልሁ ለጨረታ ይወጣል። የመንግሥት ንብረት አይደለም ካልሁ ደግሞ ቢሮ ውስጥ ምን ይሠራል ይሉኛል።» ሳቅሁ፤ እሱ አልሳቀም። ካናዳ ውስጥ ይህን የጠየቀኝ የለም፣ መልስም አልነበረኝም። መልሱን የሰጠችው የንብረት ክፍል ሠራተኛዋ ናት። በሞዴል 19 ገቢ ይደረግ፣ «የናሙና ቧንቧ» ተብሎ ቁጥር ይሰጠው አለች፤ ገቢ የሆነን ንብረት ያለ ኮሚቴ ውሳኔ ማንም አውጥቶ አይጥለውም። ልኬቱ ደግሞ ቅጹ ላይ ባለው «ምርመራ» በሚለው ዓምድ ይግባ።

የመጀመሪያው ቁራጭ 2 ኢንች ጋልቫናይዝድ ነበር። ሲገዛ 3.6 ሚሊ ሜትር የሆነው ግድግዳ ከደህናው ወገኑ 1.9 ቀርቶታል፤ ጥርሱ ሥር ግን ተበስቷል። መቼ እንደተቀበረ ባለማወቃችን ቁጥሩ ለብቻው ቀረ። ሴትዮዋ ግን ባዶ ዓምድ አትወድም። አቧራ የለበሱትን ፋይሎች ስታገላብጥ ቆይታ ቧንቧው ከመጋዘን ወጪ የሆነበትን የድሮ ሞዴል 22 አገኘችው፤ ቀን አለው፣ የሰፈሩ ስም አለው፣ ብዛቱ አለው። እኛ የመጀመሪያ ልኬት የለም ስንል የመጀመሪያው ልኬት ንብረት ክፍል ተቀምጦ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ 21 ዓመት ነው። በዓመት በአማካይ 0.08 ሚሊ ሜትር።

ልጁ በአማካዩ አልረካም፤ ደስ ያለኝም እሱ ነው። አማካይ ቁጥር ጉድጓዱን እንደማያሳይ ማንም ሳይነግረው ገብቶታል። የግብርና ጽሕፈት ቤቱን የአፈር ቁጥር አምጥቶ ከስብራቶቹ ጋር አስተያየውና፣ አሲዱ በበረታበት ሰፈር መስመሩ እስኪሰበር አልጠብቅም፣ ቆፍሬ ልለካ ብሎ ማመልከቻ ጻፈ። ኃላፊው ፈቀዱለት፤ መንገዱ በቅርቡ የተነጠፈ ስለሆነ ከአንድ ቦታ በላይ እንዳይቆፈር ብለው። አሁን በስልክ የምንከራከረው የትኛውን ቦታ እንምረጥ በሚለው ላይ ነው፤ እኔ ክርኑን እላለሁ፣ እሱ ከቦኖው አጠገብ ያለውን የነሐስ ቫልቭ።